ስም የሚያስጠራ ስጦታ፣ ሥራ የሚያሳይ ካሜራ

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

 

የዛሬው ዝግጅት አነስተኛ ንግድ ላላቸውና ለመጀመር ለሚያስቡ ነው። ሁለት ጥያቄዎችን ይዟል። አንደኛው፦ ነጋዴ በስሙ አሳትሞ ለደንበኛ የሚሰጠው ስጦታ ስሙን የሚያስጠራለት መቼ ነው? ገንዘቡን በልቶ የሚቀረውስ መቼ? ሁለተኛው፦ ሥራውን ፎቶ አንስቶ ለገበያ ማሳየት የሚፈልግ ሰው ምን ዓይነት ዲጂታል ካሜራ ይምረጥ?

ሁለቱ ጉዳዮች የሚዛመዱ ላይመስሉ ይችላሉ። ነገር ግን በ1930 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ካሜራን ራሱን ስጦታ አድርጎ ግማሽ ሚሊዮን ለሚሆኑ ልጆች አድሎ ነበር። ታሪኩን ቆየት ብለን እንሰማዋለን። ዛሬ የሚጠሩት ዓመታት፣ ለይተን ካልተናገርን በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

እስቲ ባላችሁበት ዞር በሉና ግድግዳውን እዩ። ካላንደር ተሰቅሏል? የማን ስም አለበት? የባንክ ነው? የኢንሹራንስ? የሰፈር ፋርማሲ?

በአገራችን ከሚታደሉት የማስታወቂያ ስጦታዎች ሁሉ የግድግዳ ካላንደርን የሚያህል የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለምን? ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱት። የእኛው ቀን በትልቁ፣ የፈረንጆቹ ከጎኑ በትንሹ ተጽፏል። በዓላቱ በቀይ ናቸው። ጾም የሚገባበትና የሚፈታበት አለ። በዚያ ላይ የቤቱ ሰው የጨመረበት አለ፤ የዕቁብ ዕጣ የሚወጣበት ቀን በእስክሪብቶ ተከቧል፣ የሕፃኑ የክትባት ቀጠሮ ምልክት ተደርጎበታል፣ የቤት ኪራይ የተከፈለበት ጥግ ላይ ተጽፏል።

ከመስከረም እስከ ጳጉሜን፣ 13ቱን ወር ሙሉ፣ ቀን ለማየት ቀና ያለ ሁሉ የሰጪውን ስም ያያል። ማንም አላስገደደውም፤ የሚያየው የራሱ ጉዳይ ስላለው ነው። በዋሽንግተን ወይም በፍራንክፈርት የሚኖር አበሻማ ይበልጥ ይፈልገዋል። መሥሪያ ቤቱ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ሐኪሙ፣ ሁሉም የሚቀጥሩት በፈረንጅ ቀን ነው። የጾሙንና የዓመት በዓሉን ቀን የሚነግረው ከአበሻ ሱቅ ያገኘው ያ ካላንደር ነው።

አሁን ሌላ ስጦታ እናንሳ። እስክሪብቶ። ርካሽ ስለሆነ በብዛት ይታተማል፣ በየስብሰባው ይታደላል። ተቀባዩ ቤቱ ይገባና ለልጁ ይሰጠዋል። ልጁ የቤት ሥራውን ሲጀምር ቀለሙ ይቆራረጣል። ያራግፈዋል፣ ወረቀት ጥግ ላይ ያሽከረክረዋል፣ አሁንም አልጽፍ ይላል። እስክሪብቶው ላይ የታተመው የድርጅት ስም ግን ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ልጁ ስለዚያ ድርጅት ምን አወቀ?

እንግዲህ የመጀመሪያውን ጥያቄያችንን የሚፈታው ጥያቄ ይህ ነው፤ ያዙት፣ ደጋግመን እንመለስበታለን። ስጦታው በተቀባዩ የዕለት ኑሮ ውስጥ ምን ሥራ አለው? ማማሩ ጥሩ ነው፣ ዋጋውም ይታሰባል። መጀመሪያ ግን፣ ተቀባዩ ነገ ጠዋት ምን ያደርግበታል?

ይህን ቀድመው ከተረዱት ሰዎች አንዱ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ኮሾክተን በምትባል ትንሽ ከተማ ጋዜጣ ያሳትም የነበረው ጃስፐር ሚክ ነው። ዘመኑ 1880ዎቹ ነው። ጋዜጣው ከወጣ በኋላ ማተሚያው ሥራ ፈትቶ ይቆማል። እንደሚተረከው፣ ሚክ አንድ ቀን አንድ ተማሪ መጻሕፍቱን መንገድ ላይ ሲጥል ያያል። ወዲያው አንድ ጫማ ነጋዴ ዘንድ ይሄድና ሐሳብ ያቀርባል፤ ከጆንያ ጨርቅ የመጽሐፍ መያዣ ይሰፋ፣ የጫማ ቤቱ ስም ይታተምበት፣ ሱቁ ለሚመጡ ልጆች በነፃ ይሰጥ። ነጋዴው ተስማማ። ልጆቹ የጫማ ቤቱን ስም ይዘው ትምህርት ቤት መሄድና መመለስ ጀመሩ። ስም የታተመባቸውን ስጦታዎች የሚያመርተው የአሜሪካ ኢንዱስትሪ ጅማሬውን እስከ ዛሬ ከዚያች ከተማ ጋር ያያይዘዋል።

የጨርቅ መያዣ ለእኛም አገር ጊዜው የመጣ ስጦታ ነው። በ2017 ዓ.ም.፣ ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል ድንጋጌ ያለበት አዋጅ አጽድቋል። ገበያ የሚወጣ ሰው ደግሞ መያዣ ይፈልጋል። 5 ኪሎ ድንችና ሽንኩርት የሚችል፣ እጀታው በድርብ የተሰፋ የጨርቅ ቦርሳ የሰጠ ባለሱቅ ስሙ ቅዳሜ ቅዳሜ አትክልት ተራ ይወጣል። እጀታው የተበጠሰ ዕለትስ? ድንቹ መንገድ ላይ ይበተናል፣ የሚረገመውም ስም እዚያው ላይ ተጽፏል። ስለዚህ በጀቱ ትንሽ ከሆነ ቁጥሩን ቀንሶ ስፌቱን ማጠንከር ነው። 1,000 ደካማ ቦርሳ ከማሳተም 300 ጠንካራ ማሳተም በእጅጉ ይሻላል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ደግሞ ስጦታ አንድን ነጋዴ ከአንድ ሥራ አውጥቶ ሌላ ሥራ ውስጥ እንዴት እንዳስገባው እንይ።

ዊልያም ሪግሊ የሚባል ወጣት በ1891 ቺካጎ ገባ። ይዞት የመጣው የአባቱን ፋብሪካ ሳሙና ነበር። ባለሱቆች ሳሙናውን እንዲወስዱለት ቤኪንግ ፓውደር በነፃ ይጨምርላቸው ጀመር። ጥቂት ቆይቶ ምን አየ? ሰው የሚፈልገው ሳሙናውን ሳይሆን ቤኪንግ ፓውደሩን ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን ይናደድ ነበር። ሪግሊ ግን ሳሙናውን ትቶ ቤኪንግ ፓውደር መሸጥ ያዘ። ለዚህኛውም ማባበያ ያስፈልጋልና፣ በ1892 ከእያንዳንዱ ቆርቆሮ ቤኪንግ ፓውደር ጋር ሁለት እሽግ ማስቲካ መመረቅ ጀመረ።

አሁንስ ምን የሆነ ይመስላችኋል?

(የሁለት ሰከንድ ጸጥታ)

ማስቲካው ቤኪንግ ፓውደሩን በለጠው። ሪግሊ አሁንም ደንበኛውን ተከትሎ ሄደ። በ1893 ጁሲ ፍሩትና ስፒርሚንት የተባሉትን ማስቲካዎች አወጣ። በ1915 ደግሞ በአሜሪካ የስልክ ማውጫ ላይ ለተመዘገቡ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ማስቲካ በፖስታ ላከላቸው። ያለ ነገር አልመረጣቸውም፤ በዚያ ዘመን ቤቱ ስልክ ያስገባ ሰው ማስቲካ መግዛት አያቅተውም።

ሪግሊ ስጦታውን ሰጥቶ ዘወር አላለም። ሰዎች ምን እንዳደረጉበት ተከታተለ። የገበያ ሴቶቻችን በምርቃት ይህንኑ ማድረግ ይችላሉ። ለምሳሌ አንዲት የባልትና ነጋዴ በርበሬ ለገዛት ሁሉ ጥቂት ሽሮ ጠቅልላ ብትመርቅና በሳምንቱ «ያ ሽሮ አለሽ ወይ?» ብለው የተመለሱትን ብትቆጥር፣ ቀጥላ ምን መፍጨት እንዳለባት ደንበኞቿ ራሳቸው ነገሯት ማለት ነው።

በፈረንሳይ ደግሞ ስጦታ ገበያውን ራሱን አሳድጓል። አንድሬና ኤድዋር ሚሽላን የተባሉት ወንድማማቾች የመኪና ጎማ ይሠሩ ነበር። በ1900 በመላ ፈረንሳይ የነበሩት መኪኖች ከጥቂት ሺህ አይበልጡም። ታዲያ ጎማ ለማን ይሸጣል? ወንድማማቾቹ የመንገድ መምሪያ መጽሐፍ በ35,000 ቅጂ አሳትመው በነፃ አደሉ። ጎማ እንዴት እንደሚቀየር፣ ቤንዚን የት እንደሚገኝ፣ መካኒክ የት እንዳለ፣ የት አርፎ ማደር እንደሚቻል ይነግራል። መንገዱን ያወቀ ሰው ሩቅ ይነዳል፤ ሩቅ የነዳ ሰው ጎማ ይጨርሳል።

ኩባንያው ራሱ እንደሚተርከው ግን፣ ከዓመታት በኋላ አንድሬ ሚሽላን አንድ ጎማ ቤት ሲገባ መጽሐፉ የሥራ ጠረጴዛ ማስደገፊያ ሆኖ አገኘው። በ1920 መምሪያው በ7 ፍራንክ ይሸጥ ጀመር። ያለ ልክ የተበተነ ነገር ክብር ያጣል። ካላንደር ያሳተመ ባለሱቅም ለአላፊ አግዳሚው ከሚበትነው፣ ቋሚ ደንበኛውን በስም ጠርቶ፣ ብድግ ብሎ፣ በሁለት እጁ ቢሰጠው ይሻላል። ወረቀቱ ያው ነው፤ አሰጣጡ ግን ተቀባዩ ቤቱ ገብቶ እንዲሰቅለው ያደርጋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ግን ትንሽ ስጦታ ይህን ያህል ለምን ይሠራል? ዴኒስ ሪጋን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1971 ያሳተመው ሙከራ አለ። ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ይሠራሉ። አንደኛው የተመራማሪው ተባባሪ ነው፤ ሌላው ይህን አያውቅም። ተባባሪው በመሐል ወጣ ይልና ለራሱ አንድ ኮካ ኮላ፣ ለጓደኛውም አንድ ይዞ ይመለሳል። ቆየት ብሎ ዕጣ እንዲገዛው ይጠይቀዋል። ኮካው የተሰጣቸው ሰዎች ካልተሰጣቸው ይልቅ ብዙ ዕጣ ገዙ። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ነው ይህን ያደረገው።

የአሜሪካ መድኃኒት አምራቾች ማኅበርም ይህን ያውቃል። ከ2009 መጀመሪያ አንስቶ በሥራ ላይ ባዋለው የሥነ ምግባር ደንብ፣ የመድኃኒት ስም የታተመበትን እስክሪብቶና ኩባያ ለሐኪሞች ማደልን አስቀርቷል። እስክሪብቶ የመድኃኒት ማዘዣ ላይ ጫና ሊኖረው ይችላል የሚለው ስጋት ቀላል አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ፋይል በእጁ ላለ፣ ፈቃድ ለሚሰጥ፣ ጨረታ ለሚፈርድ ሰው የሚሰጥ ስጦታ ማስታወቂያ አይደለም። ስም ታተመበትም አልታተመበትም ጉቦ ነው። የማስታወቂያ ስጦታ በአደባባይ፣ ለደንበኛ፣ ሁሉም እያየ የሚሰጥ ነገር ነው።

አቅምን ሳያሰሉ ቃል መግባትም ስም ያጠፋል። በ1992 በብሪታኒያ ምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን የሚሸጠው የሁቨር ኩባንያ የ100 ፓውንድ ዕቃ ለገዛ ሁሉ ሁለት የደርሶ መልስ የአውሮፕላን ትኬት እንደሚሰጥ አስታወቀ። መጀመሪያ ወደ አውሮፓ ከተሞች ነበር፤ ቀጥሎ ወደ አሜሪካ ሆነ። ትኬቱ ከዕቃው በብዙ እጥፍ ይበልጣል! ኩባንያው ቅጹን ሞልቶ እስከ መጨረሻው የሚሄደው ጥቂት ሰው ነው ብሎ ገምቶ ነበር። ሰዉ ግን ምንጣፍ መጥረጊያውን ሳይፈልገው ለትኬቱ ሲል ገዛ። ከ200,000 በላይ ሰዎች በረሩ። ቃል የተገባላቸውን ያላገኙ ብዙዎች ፍርድ ቤት ሄዱ። ወጪው ወደ 50 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ፤ በ1995 የኩባንያው የአውሮፓ ክፍል ለጣሊያኑ ካንዲ ተሸጠ። «10 ማኪያቶ ለጠጣ 11ኛው በነፃ» ብሎ ካርድ የሚያሳትም ካፌም ሁሉም ደንበኛ ካርዱን ሞልቶ ቢመጣ ስንት ሊትር ወተት እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ ማስላት አለበት።

(ሙዚቃ፤ የካሜራ መዝጊያ ድምፅ ሦስት ጊዜ)

አድማጮች፣ ቃል ወደ ገባነው ታሪክ ደርሰናል።

ጆርጅ ኢስትማን በ1888 የመጀመሪያውን የኮዳክ ካሜራ ሲያወጣ ዋጋው 25 ዶላር ነበር፤ በዚያ ዘመን ብዙ ገንዘብ ነው። በ1900 ግን ብራውኒ የተባለች የሳጥን ካሜራ በ1 ዶላር ለገበያ አቀረበ። እንዴት ይህን ያህል ረከሰ? ካሜራ አንድ ጊዜ ይገዛል፣ ፊልም ግን በተደጋጋሚ ይገዛል። ኩባንያው ከብሯል ከተባለ የከበረው በፊልም ነው።

በ1930 ኩባንያው 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ በአሜሪካና በካናዳ በዚያ ዓመት 12 ዓመት ለሚሞላቸው ልጆች አንድ አንድ ካሜራ ከአንድ ጥቅል ፊልም ጋር በነፃ ሰጠ። ግማሽ ሚሊዮን የሚሆኑ ካሜራዎች ታደሉ። አሁን ያንኑ ጥያቄ መልሰን እንጠይቅ፤ ይህ ስጦታ በልጁ የዕለት ኑሮ ውስጥ ምን ሥራ አለው? ውሻውን ያነሳል፣ እህቱን ያነሳል፣ የልደት ቀኑን ያነሳል። የመጀመሪያው ፊልም በነፃ ነበር። ሁለተኛውን አባቱ ገዛለት።

በዚያው በኮዳክ፣ በ1975፣ ስቲቭ ሳሰን የተባለ ወጣት መሐንዲስ ፊልም የማይፈልግ ካሜራ ሠራ። 3.6 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበታል። ምስሉ 10,000 ነጥቦች ብቻ ነበሩት። የመጀመሪያው የእጅ ዲጂታል ካሜራ ይኸው ነው። ኩባንያው ግን የፊልም ገበያውን እንዳያበላሽበት ሠጋና ሳይገፋበት ቀረ። ዓለም ወደ ዲጂታል ሲዞር ኮዳክ ወደ ኋላ ቀርቶ በጥር 2012 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ካሜራ ወደ መምረጡ እንለፍ። እዚህም የምንነሳው ከዚያው ጥያቄ ነው። ፎቶው ምን ሥራ ይሠራል? ማን ያየዋል? የት ሆኖ?

የሚሸጡትን ቀሚስ ወይም ኬክ በቴሌግራምና በቲክቶክ ብቻ ለሚያሳዩ፣ ፎቶውንም በቀን ብርሃን ለሚያነሱ ሰዎች፣ በኪሳቸው ያለው ደህና ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ገንዘቡን ካሜራ ላይ ከማፍሰስ ለስልኩ ማቆሚያ ስታንድና አንድ ጥሩ መብራት መግዛት ይቀድማል። ይህን ካሜራ ሻጭ አይነግራችሁም፣ እውነት ግን ነው። ሠርግ ለሚያነሱ፣ ማታ ለሚሠሩ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ለሚያነሱ፣ ፎቶውን በትልቁ ለሚያሳትሙ ግን ካሜራ ያስፈልጋል።

ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የሚነገራችሁ ሜጋፒክስል ነው። «ይሄኛው 24 ነው፣ ያኛው 45 ነው» ትባላላችሁ። ሜጋፒክስል ማለት ምስሉ የተሠራባቸው ነጥቦች ብዛት በሚሊዮን ሲቆጠር ነው። ስንት ይበቃል? ያንን የግድግዳ ካላንደር አስቡት። መጠኑ ኤ3 ቢሆን፣ ማተሚያ ቤት በጥራት ለማተም የሚፈልገው 17 ሚሊዮን ነጥብ ገደማ ነው። ስለዚህ 24 ሜጋፒክስል ያለው ካሜራ ካላንደር አሳትሞ ይተርፈዋል። በስልክ ስክሪን ለሚታይ ፎቶ ደግሞ ከዚህ እጅግ ያነሰ ይበቃል። ከ24 በላይ ላለው ቁጥር ብዙ ብር ከመጨመራችሁ በፊት «ምን ላሳትምበት ነው?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ፎቶውን ለማተሚያ ቤት በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ ደግሞ እንደ ፎቶ አትላኩት፤ እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ሲላክ መተግበሪያው ይጨምቀዋል፤ የታመቀ ፎቶ በስልክ ላይ ያምራል፣ ወረቀት ላይ ሲወጣ ግን ይደበዝዛል። እንደገና እንበለው፦ ለኅትመት ሲሆን እንደ ፋይል።

ከሜጋፒክስሉ ይልቅ መጠየቅ ያለበት የሴንሰሩ ስፋት ነው። ሴንሰር በፊልሙ ቦታ ተቀምጦ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል ነው። በክረምት ከጣሪያ ጠርዝ ስር ሳፋና ኩባያ ብታስቀምጡ ብዙ ውኃ የሚያጠራቅመው ሳፋው ነው፤ ሴንሰርም ሲሰፋ ብዙ ብርሃን ይለቅማል። ፉል ፍሬም የሚባለው 36 በ24 ሚሊሜትር ነው። ኤፒኤስ ሲ የሚባለው 24 በ16 ገደማ ነው፤ ለጀማሪና ለአነስተኛ ንግድ ይህ ይበቃል። የስልክ ሴንሰር ከሁለቱም በጣም ያንሳል። ማታ ቤት ውስጥ በስልክ የተነሳ ፎቶ አሸዋ የተነሰነሰበት የሚመስለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ ከካሜራው አካል ቀንሳችሁ ለሌንስ ጨምሩ። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው ዙም ሌንስ ብዙ ጊዜ ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚባለው ነው። ለቀን ጥሩ ነው። ነገር ግን ዙሙን ስትስቡት የብርሃን መግቢያው ወደ ኤፍ 5.6 ይጠብባል። ኤፍ 1.8 የሆነው ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ዙም የለውም፣ ዋጋውም ከሌሎች ሌንሶች ሲነጻጸር ቀላል ነው፤ የሚያስገባው ብርሃን ግን ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይበዛል፤ ይህቺን አትርሱ። መብራት በደበዘዘበት ክፍል ቡና እየቀዳች ያለች ሴት ፎቶ ጥርት ብሎ የሚወጣው በዚህ ሌንስ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አንድ የሚያስከፋ ነገር ብዙ ቤት ይታያል። እናት ለበዓል ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ፎቶ ትነሳለች። ነጠላው ደመና የሸፈነው ይመስል ግራጫ ሆኖ ይወጣል፤ ፊቷ ደግሞ ጠቁሮ ዓይኗ አይለይም። ጥፋቱ የማን ነው?

ካሜራ የሚያየውን ሁሉ አማካይ ብሩህነት ላይ ለማምጣት ነው የሚሠራው። ብዙ ነጭ ሲያይ «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል። ሲቀንስ ፊቱም አብሮ ይጨልማል። መፍትሔው ካሜራው ላይ ነው፤ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ፈልጉና ወደ መደመር አንድ አድርሱት። ነጠላው ይነጣል፣ የእናት ፊትም ይወጣል። ጥቁር ጀበና በጨለማ ጀርባ ላይ ስታነሱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ወደ መቀነስ ውሰዱት። ካሜራ ስትመርጡ ይህ ቁልፍ ለአውራ ጣት የሚቀርብ መሆኑን በእጃችሁ ይዛችሁ ሞክሩ፤ በየቀኑ የምትጠቀሙበት እሱን ነውና።

ጉዳዩ ታሪክም አለው። በፊልም ዘመን ላቦራቶሪዎች ቀለም የሚያስተካክሉባቸው የኮዳክ ካርዶች ለረጅም ጊዜ የነጭ ሴት ፎቶ ብቻ ነበረባቸው። ጠይምና ጥቁር ፊት በፎቶ ላይ ዝርዝሩ ይጠፋ ነበር። ቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾችም የዕቃችን ቡናማ ቀለም በፎቶ አልለይ አለ ብለው ቅሬታ ማቅረባቸው ፊልሙ እንዲሻሻል ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ ነበር። የሰዎቹ ፊት ብቻውን በቂ ምክንያት ሊሆን ይገባው ነበር። ስለዚህ ካሜራ ስትሞክሩ ነጭ ግድግዳ አንስታችሁ አትመለሱ። የራሳችሁን ሰው ፊት አንሱ፤ የምትሸጡትን ቡና፣ ዳቦ ወይም ቆዳ ይዛችሁ ሄዳችሁ አንሱ።

ሱቅ ውስጥ ሚረርለስና ዲኤስኤልአር የሚባሉ ሁለት ዓይነቶችን ታያላችሁ። ዲኤስኤልአር ውስጡ መስታወት አለው፤ ይከብዳል፣ ባትሪው ግን ይበረክታል። ሚረርለስ መስታወት የለውም፤ ይቀላል፣ ፎቶው ከመነሳቱ በፊት ምን እንደሚመስል በስክሪኑ ያሳያል። ትልልቆቹ አምራቾች አዳዲስ ሥራቸውን ወደ ሚረርለስ አዙረዋል። ያገለገለ ዲኤስኤልአር በዚህ ምክንያት ዋጋው ወርዷል፤ ገንዘብ ለሚያጥረው ጀማሪ ይህ መልካም ዕድል ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈርም የባትሪው መበርከት ትልቅ ነገር ነው።

ያገለገለ ስትገዙ እንዲህ አድርጉ። የሌንሱን ክዳን ዘግታችሁ አንድ ፎቶ አንሱና አጉሉት፤ በጨለማው ላይ ቀይ ወይም ነጭ ነጥብ ካበራ ሴንሰሩ ችግር አለበት። ቀጥሎ ነጭ ወረቀት በኤፍ 16 አንሱ፤ ጥቁር ጠቃጠቆ ከታየ አቧራ ነው፣ ይጸዳል። ሌንሱን ፈትታችሁ በስልክ ባትሪ ብርሃን ከኋላ አብሩበት፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ውስጡ ካያችሁ ሻጋታ ነው፣ አትግዙት። መዝጊያው ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ጠይቁ፤ የብዙ መለስተኛ ካሜራዎች መዝጊያ የሚታሰበው ለ100,000 ጊዜ ያህል ነው፣ ሠርግ ሲያነሳ የኖረ ካሜራ ይህን ቶሎ ይጨርሳል።

ምናሌውንም ከፍታችሁ ቋንቋውን ቀይሩት። ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሠሩ አንዳንድ ካሜራዎች ከጃፓንኛ ሌላ ቋንቋ የላቸውም። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ ዘመድ የሚያመጣላችሁ ከሆነም ከመገዛቱ በፊት ይህንኑ ጠይቁ፤ የጉምሩኩን ቀረጥ ደግሞ አስቀድማችሁ አጣሩ። በመጨረሻ የራሳችሁን ሜሞሪ ካርድ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ ፊት ያነሳችሁትን ቤት ወስዳችሁ በኮምፒውተር በትልቁ ሳታዩ ቀብድ አትስጡ።

(ሙዚቃ ቀስ ብሎ ይገባል)

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ማተሚያ ቤት ገብተን ካላንደር፣ ቲሸርትና የጨርቅ ቦርሳ እንዴት እንደሚታተሙ፣ ቀለሙ ከታጠበ በኋላ እንዳይለቅ ምን ብሎ ማዘዝ እንደሚገባ እናያለን። እስከዚያው የምታሳትሙት ካለ ናሙናውን በውኃና በሳሙና እጠቡትና ፀሐይ ላይ አስጡት። 

(ሙዚቃው ከፍ ብሎ ያበቃል)